ሦስት ዋጋ ለአንድ መስኮት

መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት፣ ጋሽ ፕሮፎርማ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ በልጁ ቤት መተላለፊያ ላይ በካልሲው ቆሞ ሊሰማው የማይገባውን ነገር ሰማ። ሆን ብሎ ጆሮውን የደቀነ አልነበረም፤ ነጠላ ጫማው ጠፍቶት እየፈለገ ነበር። የልጁና የምራቱ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ምራቱ ፀጉሯን እያበጠረች ትናገራለች፤ ቃሏ ማበጠሪያው በያዛት ቁጥር እየተቆረጠ ይቀጥላል። የሳሎኑ መስኮት እንደገና ተዥጎርጉሮ መገኘቱን፣ ትናንት አመሻሽ ላይ አብራት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ለጥቂት ደቂቃ ጎራ ብላ መስታወቱን አይታ እንዳላየች መሆኗን፣ የእትዬም ዓይን መድከሙን፣ ከሰኞ ጀምሮ የምትመጣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ማነጋገሯን ተራ በተራ ነገረችው። እትዬ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ቢያርፉ ለራሳቸውም እንደሚሻላቸው ጨመረች። ልጁ ቀበቶውን ሲያጠብቅ የዘለበቱ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ፣ «እሺ፤ ዛሬ እራት ላይ እኔው እነግራታለሁ» አለ።

እትዬ የተባለችው የጋሽ ፕሮፎርማ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ሞቶ፣ የእሱም ሚስት ካረፈች በኋላ፣ ሁለት ቦታ ከሚተከዝ አንድ ቦታ ቢተከዝ ይሻላል ተብሎ እዚህ ቤት መጣች። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ሻንጣዋን አኖረች፤ ማንም ሳያዝዛትም ሥራ ጀመረች፤ እጇ ሲቦዝን ያማታልና። መስኮት መወልወል ግዴታዋ አልነበረም። ነገር ግን ሰው ሳይታዘዝ የጀመረው ሥራ ሲውል ሲያድር ግዴታ ይሆንበታል፤ ሲበላሽ ደግሞ ጥፋት ይሆንበታል። ጋሽ ፕሮፎርማ መተላለፊያው ላይ ቆሞ የታየው እሷ የሌለችበት ቤት ነው። ልጁና ምራቱ ጠዋት ወጥተው አመሻሽ ላይ ይገባሉ፤ ልጅ ገና አልወለዱም። በመካከል ባለው ረጅም ቀን ከእሱ ጋር የምትጨቃጨቅ፣ የድሮ ጨዋታ ሲያመጣ «ውሸትህን ነው» ብላ የምትመልሰው ሰው እሷ ብቻ ናት። ሰው «ውሸትህን ነው» የሚለው ሲያጣ እውነቱም እንደሚደበዝዝ፣ በዚያ ዕድሜው በሚገባ ያውቅ ነበር።

መጀመሪያ ተናደደ። በሩን ገፍቶ ገብቶ ይህ ምን ዓይነት ግፍ ነው ሊል ፈለገ፤ ግን በካልሲ የቆመ ሰው ቁጣ እንደማያምርበት ተሰማው። ከቁጣው ቀጥሎ የመጣው ስሜት፣ ኋላ ራሱ እየሳቀ እንደሚናገረው፣ ደስታ ነበር። ነገሩ በዕቃ የሚፈታ መሰለው፤ ዕቃ መምረጥ ደግሞ ሙያው ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል አገልግሏል። ከሦስት ሱቅ ሦስት ዋጋ ካልቀረበለት በቀር መርፌም ቢሆን አያስገዛም ነበር፤ ቅጽል ስሙም ያገኘው ከዚያ ነው። ፊደል የቆጠረው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በማታ ትምህርት ስለነበር፣ በወረቀት ላይ ለሰፈረ ነገር ሁሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ክብር አለው፤ የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለውን መመሪያ እንኳ መነጽሩን አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚያነበው። አንድ ክረምት የመሥሪያ ቤቱ ጣራ ሲያፈስ፣ ሦስቱ ዋጋ እስኪሟላ ዝናቡ ወቅቱን ጨርሶ ሄደ፤ እሱም ችግሩ ያለ ወጪ መፈታቱን ለአለቃው በኩራት ሪፖርት አደረገ። እንግዲህ የእህቱን ዕጣ በእጁ ያስገባው ሰው ይህ ነበር።

ባልና ሚስቱ ወጥተው የውጭው በር እንደተዘጋ ወደ ሳሎን ገባ። እህቱ መስኮቱ ሥር ቆማለች። መስኮቱ ሦስት ክንፍ ያለው፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያሳይ ትልቅ መስኮት ነው። ጋሽ ፕሮፎርማ በየጠዋቱ መካከለኛው ክንፍ ጋ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይቃኛል፤ አመሻሽ ላይም የልጁ መኪና በመታጠፊያው ብቅ እስክትል እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። እህቱ እጀታው በሲባጎ የተተካ ባልዲ፣ የልብስ ሳሙና ቁራጭ፣ የእሱን አሮጌ ካናቴራና የተጨማደደ ጋዜጣ ይዛ መካከለኛውን ክንፍ ትፈትጋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ተይው» አላት። «አንቺ ልጅ» የተባለችው ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቷታል።

ከዚያ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ገመገመ። ሳሙናው ለልብስ እንጂ ለመስታወት አለመሠራቱን፣ ካናቴራው ክሩን እንደሚተው፣ የጋዜጣው ቀለም እንደሚለቅ፣ በእነዚህ ዕቃዎች መላእክትም ቢሠማሩ የሚጠራ መስኮት እንደማይኖር አስረዳት። ዛሬ ተገቢው ዕቃ ተመርጦ እንደሚገዛም አስታወቃት። በጠዋት የሰማውን ግን አልነገራትም፤ መስኮቱ ሲያበራ ነገሩም አብሮ ይጠፋል ብሎ አስቧል።

«መስኮት እኮ ነው ጋሼ» አለች። «ድልድይ ልታሠራ ነው?»

እሱ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ብሎ ምርመራውን ቀጠለ። ይህን መስታወት ማን እንደሚነካው ጠየቃት። ምራቱ ቀን ቤት የለችም፤ ልጁም መጋረጃ የት እንዳለ አያውቅም። «እኔም ብሆን በእጄ ነክቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ማለ። እህቱ ትክ ብላ አየችው። ካናቴራውን ጨምቃ ባልዲው አፍ ላይ ሰቀለችው። እሷ ያየችውን ለማየት ያን ጊዜ የቀረበው ዕድል ትንሽ አልነበረም፤ ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ከመውጣቱ በፊት እንደ ልማዱ ምራቱ ከመድኃኒት ቤት ያመጣችለትን፣ ሜንታ ሜንታ የሚሸተውን የራስ ምታት ቅባት ግንባሩ ላይ በደንብ አሸ፤ የተረፈውን በመዳፎቹ አዳረሰ፤ መንገዱ ጭር ማለቱን አለማለቱን በመስኮቱ ተጠግቶ አየና ወጣ።

የመጀመሪያው ሱቅ ከቤታቸው ሥር ያለው፣ ሁሉን ነገር የሚሸጠው ባለ መደርደሪያ መደብር ነው። ሻጯ ገና ተናግሮ ሳይጨርስላት ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ባለ መርጫ ጠርሙስ አወረደችለት። መርጨትና መጥረግ ብቻ ነው አለችው። ጋሽ ፕሮፎርማ መነጽሩን አድርጎ የጠርሙሱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዓይን እንዲርቅ፣ ከልጆች እንዲርቅ፣ ከእሳት እንዲርቅ ታዟል፤ መስኮቱን ስለማጥራት የተጻፈው ግን አንድ መስመር ነው። ዋጋው ለአንድ ሳምንት ዳቦ ይበቃል። ሻጯን ዋጋውን በወረቀት ላይ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ እንድትሰጠው ጠየቃት። ማኅተም የለንም አለችው። እንግዲያው ፊርማሽን አላት። ከኋላው ወተት ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ በካልኩሌተሩ የወረቀት ጥቅል ጥግ ላይ ቁጥሩን ሞነጫጭራ ቀድዳ ሰጠችው። አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው፤ በዚያች ደቂቃ ዕድሜው በአሥራ አምስት ዓመት እንደቀነሰ ይናገራል።

ሁለተኛው ለሆቴሎችና ለመሥሪያ ቤቶች የጽዳት ዕቃ የሚያቀርብ ሱቅ ነበር። ባለ ሱቁ ወፍራም፣ ተናጋሪ ሰው ነው። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ፕሮፎርማ፣ ሕንፃው አምስት ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ግን አንድ ነው ለማለት ኩራቱ አልፈቀደለትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ተናገረ። ወዲያው የሚዘረጋ ረጅም ዘንግ፣ ሁለት ዓይነት ስፖንጅ፣ ጎማ ጠርዝ ያለው መጥረጊያ፣ ፀጉራም ጨርቅ፣ በጀሪካን የሚሸጥ ማጠቢያ ከፊቱ ተኮለኮለ። ወንበር ቀረበለት። ሻይ ታዘዘለት። ስለ ጎማው ጥራት፣ ስለ እጀታው ቁመት፣ ዕቃው ቢሰበር ስለሚለወጥበት ሁኔታ በሰፊው ተወያዩ፤ እሱም ጎማውን በጥፍሩ እየቧጨረ፣ ስፖንጁን እየጨመቀ፣ በሙያው የኖረ ሰው መሆኑን አሳየ። የሻይ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ባለ ሱቁ መስኮቱ ጠቅላላ ስንት እንደሆነ መጠየቁ አልቀረም። «ለጊዜው አንድ» አለ ጋሽ ፕሮፎርማ። ባለ ሱቁ ዘንጉን ቀስ ብሎ አጠፈው። «አባባ» አለ፣ «ለጊዜው አንድ ከሆነ፣ ለዘለቄታው ስንት ነው?» ጋሽ ፕሮፎርማ የጠጣው ሻይ እያሳፈረው ጎማ ጠርዝ ያለውን መጥረጊያ ዋጋ ሳይከራከር ገዛ። ከአገልግሎት ዘመኑ ጀምሮ ያለ ሦስት ዋጋ የፈጸመው የመጀመሪያ ግዢ ይህ ነው።

ሦስተኛው መስታወት ቆራጭ ነበር። ጠባብ ሱቁ ውስጥ መስታወቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰውየውም በመካከላቸው በጎን በጎኑ እየሄደ ይሠራል። ጋሽ ፕሮፎርማ የመስኮቱን ነገር ገለጸለት፦ ሁለቱ ክንፎች ደህና ናቸው፣ መካከለኛው ግን ቢታጠብም ይዥጎረጎራል። መስታወት ቆራጩ እንደ ሐኪም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማው። መስታወት እንደ ሰው እንደሚያረጅ፣ አንዳንዱ ከውስጡ እንደሚታመም፣ የታመመ መስታወት ደግሞ ማጠብ ሬሳ እንደ መላጨት መሆኑን ነገረውና መለኪያ ሜትሩን መዘዘ። መንገድ ላይ ሲወጣ ጋሽ ፕሮፎርማ አንድ ነገር ገባው። የመደብሯ ሻጭ መርጨት ነው ያለችው የሚረጭ ስለምትሸጥ ነው፤ ወፍራሙ መጥረግ ነው ያለው መጥረጊያ ስለሚሸጥ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ መስታወት ይሸጣል። በሽታውን ሁሉም ያወቁት መድኃኒቱ በእጃቸው ስላለ ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ በማግኘቱ በጣም ረካ። ጥበቡ ግን ራሱን እንደሚጨምር፣ ማለትም እሱም መላውን ነገር የዕቃ ጉድለት ያደረገው ከዕቃ ግዢ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ መሆኑን፣ ለማሰብ አላቆመም። ተመልሶ ሰማያዊውን ጠርሙስ ገዛ፤ ለጥንቃቄ አንድ ጠርሙስ አቼቶ፣ አንድ ስፖንጅና አንድ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጨመረ።

ቤት ሲደርስ ጃኬቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፤ እህቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ የኮሚቴ አባል አድርጎ ሾማት። ግራውን ክንፍ በአቼቶ፣ ቀኙን በሰማያዊው ፈሳሽ፣ መካከለኛውን በሁለቱም ሊፈትን ወሰነ። ግራው በአንዴ ጠራ። ቀኙም ጠራ። እህቱ በኮሚቴ አባልነቷ፣ እነዚህ ሁለቱ ትናንትም የጠሩ እንደነበሩ አስታወሰችው፤ አስተያየቷ ተመዝግቦ ታለፈ። መካከለኛው ግን እምቢ አለ። አቼቶ ቢቀባው ደመና ሠራ። ሰማያዊውን ቢረጭበት፣ ዝናብ በመታው መንገድ ላይ እንደ ፈሰሰ ቤንዚን ቀስተ ደመና አወጣ። ጎማውን ከላይ ወደ ታች ቢጎትተው ወገብ ላይ ሲደርስ ድምፅ እያሰማ ዘለለ፤ ከኋላው እንደታረሰ ማሳ መስመር በመስመር ተወ። ሳሎኑ እንደ ሰላጣ ሸተተ። ወለሉ ረጠበ፤ የመጋረጃው ጠርዝ ሰማያዊ ሆነ። ጋሽ ፕሮፎርማ ላብ በላብ ሆኖ የድስት ሽቦውን ሲያነሳ፣ እህቱ ከወንበሯ ተነሥታ የእጁን አንጓ ያዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ መስታወቱን ቧጭሮ ከቤቱ አብረው እንዳይባረሩ ነገረችው። ከዚያ ወለሉን የምትጠርግበት ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ብቻውን ቀረ። ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጫፍ ወርዳ መስታወቱን በአግድም መታችው፤ ቅድም ደመና የመሰለው ነገር ቅርጽ አወጣ። የሰው መዳፍ የምታህል ሞላላ ናት። በሞላላዋ ውስጥ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሦስት ሽንትሮች አሉ፤ ከእነሱም ግራና ቀኝ የሁለት መዳፍ አሻራ፣ የአንደኛው ትንሽ ጣት ወደ ውጭ የተንጋደደች። ጋሽ ፕሮፎርማ የራሱን ትንሽ ጣት አየ። በልጅነቱ ተሰብራ ተጣማ የዳነችውን ጣቱን። ምራቱ አጭር ናት፤ እህቱ ከእሷም ታጥራለች፤ ሞላላዋ ግን የምትገኘው ቁመተ ረጅም ሰው አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ በሚደርስበት ቦታ ነው። ያም ሆኖ የግዢ ክፍል ሰው ነውና ሳያመሳክር አልወሰነም። መዳፎቹን ከአሻራዎቹ፣ ግንባሩን ከሞላላዋ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈ። ክዳን በድስቱ ላይ እንዲገጥም ገጠመ። ከዚያም ለመጨረሻ ማረጋገጫ መስታወቱን አሸተተው። ሜንታ ሜንታ አለ።

እህቱ ባልዲ ይዛ ስትገባ ያገኘችው አፍንጫውን መስታወት ላይ እንደተከለ ነው። አልሳቀችም። ባልዲው ውሃ እንፋሎት አለው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራበት አረፋ ሠርቷል።

«ታውቂ ነበር» አላት፣ ሳይዞር።

«በየጠዋቱ ከነሽብሽብህ ስጠርግህ አይደል የኖርኩት» አለች። «ጠዋት አጠራሃለሁ፤ አመሻሽ ላይ ልጅህን ስትጠብቅ ደግሞ ትለጠፋለህ። እነሱ ሲገቡ የሚያዩህ ያኔ ነው።»

ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። ስፖንጁን ከእጁ ወስዳ፣ ሞቅ ያለውን ውሃ መካከለኛው ክንፍ ላይ ማዞር ጀመረች። «ምን ብዬ? ግንባርህን አንሳ ልበልህ? ከዚያ የት ትቆማለህ?» አለችው። ጋሽ ፕሮፎርማ ያን ጊዜ በመተላለፊያው የሰማውን፣ ዛሬ እራት ላይ ምን ሊነገራት እንደሆነ ነገራት። ግድግዳው ስስ መሆኑን፣ እሷም ከክፍሏ ሆና መስማቷን በእርጋታ መለሰችለት። ቅባቱ በሁለተኛው ዙር ለቀቀ። ጎማ ጠርዝ ያለውን መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች አንዴ ብትጎትተው መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ጠራ፤ ይቺስ ደህና ዕቃ ናት ብላ መሰከረችለት፤ ምስክርነቱ ከነበረበት ሐዘን ጋር ሳይጣጣም ደስ አሰኘው። ከዚያ ምክሯን ሰጠችው። መስታወቱ ጠርቷል፤ እሱ ከነገ ጀምሮ አይደገፍ፤ ሰው ምንም ሳያውቅ ነገሩ እዚሁ ይለቅ። እሱም እሺ አለ። ኋላ ላይ ይህን ሲያወጋ ሁልጊዜ የሚያፍርበት፣ እሺ ለማለት የፈጀበት ጊዜ ማጠሩን ነው፤ አንድ ባልዲ ለመግዛት ወር የሚፈጅበት ሰው፣ ራሱን ለማዳን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም።

አመሻሽ ላይ ልጁና ምራቱ ገቡ። ምራቱ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መስኮቱ ፊት ቆመች። በጣም እንደጠራ ተናገረች፤ እትዬን ምን እንዳደረጉበት ጠየቀቻቸው፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታና ግራ መጋባት ተቀላቅሎ ነበር። እህቱ አዲስ ዕቃ መገዛቱን ብቻ ተናግራ ሾርባውን ለማቅረብ ሄደች። ጋሽ ፕሮፎርማ ከመስኮቱ በጣም ርቆ፣ ከሶፋው ዳር ተቀምጦ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ግንባር የእሱ ብቻ ይመስል በእጁ ሸፍኖታል። ነገሩ የለቀቀ መሰለው። ልጁ ግን፣ ቀኑን ሙሉ በሥራው ቦታ ንግግሩን ሲያጠና የዋለ ሰው፣ መስኮቱ ጠራ ብሎ ያጠናውን ሊተወው አልቻለም፤ የአባቱ ልጅ ነዋ። ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አክስቴ» አለ፣ ወደ ጨው ዕቃው እያየ። «መቼም ለኛ ብዙ ደክመሻል። እኛም ተነጋግረን፣ ለጤናሽ አስበን…»

እህቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። የቀረውን ንግግር አስቀድማ የምታውቀው ሰው አቀማመጥ ነው። ጋሽ ፕሮፎርማ አያት። አንድ ሰሌን ላይ የተኙ ልጆች ሳሉ እሱ ያጠፋውን እሷ ተገርፋበት በዚሁ አቀማመጥ ትቀመጥ እንደነበር አላስታወሰም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎም አያውቅም፤ በልጅነታቸው የራሱን ዱላ ራሱ ነበር የሚቀምሰው። የታየው፣ በሰባ አንድ ዓመቱ ከልጅነቱ ያነሰ ሰው ሆኖ መገኘቱ ነው። ተነሥቶ ቆመ።

«ግንባሬ ነው» አለ።

ሾርባው ብቻ ይተናል። በመሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያቀርብ ይመስል ቀጠለ፦ ዛሬ በተደረገው ምርመራ የመስኮቱ እድፍ የእሱ ግንባር ቅባት መሆኑ መረጋገጡን፣ እህቱ በየጠዋቱ ስታጠራው መኖሯን፣ የእሷ ዓይን ከማንኛቸውም ዓይን የተሻለ እንደሚያይ፣ የሚባረር ካለ እሱ እንደሆነ ተናገረ። ይህን ብሎ ድንጋጤያቸውን ጠበቀ። ድንጋጤ አልመጣም። ልጁ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ያጣጥፋል፤ ምራቱ አንገቷ ድረስ ቀልታለች። ጋሽ ፕሮፎርማ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። ቀስ እያለ ገባው፤ ተቀመጠ።

«እናንተም ታውቁ ነበር?»

«ከሩቅ እኮ ይታያል አባባ» አለች ምራቱ፣ በማይሰማ ድምፅ። «ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? እርስዎን መስኮቱን አይደገፉ ማለት… አባት ናቸው፣ ምን ይሉኛል ብዬ። የጽዳት ሠራተኛ ብትመጣ፣ እሷ ባዕድ ስለሆነች ትነግርዎታለች ብለን ነበር። የእትዬ ዓይን ደከመ ያልነው እሷን ለመቅጠር ሰበብ ፈልገን ነው።»

እንዲህ ነበር ነገሩ። እሱን ላለማስቀየም ሲባል እህቱ ከነሻንጣዋ ልትሄድ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ እሱ ክብር ሲጠነቀቅ፣ የክብሩ ዋጋ የሚያርፍበት ሰው ተፈልጎ እሷ ተገኝታለች። ጋሽ ፕሮፎርማ በሕይወቱ ብዙ ውድ ዕቃ ገዝቷል፤ በሰው ሒሳብ የተገዛለት ከዚህ የሚወደድ ነገር ግን አልገጠመውም። ልጁ አክስቱን ሊያይ ፈልጎ አልቻለም። ያን ጊዜ እህቱ አንገቷን አቀናች።

«ለመሄድም ለመቅረትም የጠየቀኝ የለም» አለች። «ልጄ ዘንድ ስናፍቅ እሄዳለሁ፤ ስጠግብ እመለሳለሁ። መስኮቱን ደግሞ ከነገ ጀምሮ ያቆሸሸ ያጥባል።»

ምራቱ ተነሥታ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ለመናገር ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ሦስተኛው ላይ ድምፅ ወጣው። ሰኞ የምትመጣ ሠራተኛ እንደሌለች ልጁ ወዲያው አስታወቀ። ጋሽ ፕሮፎርማ ልቡ ቀለለው። ሰው ልቡ ሲቀለው ደግሞ ቸርነት ያበዛል። እጁን ዘርግቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ይሉኝታ የሚባል ነገር እንዲቀር፣ እሱን የሚመለከት ማናቸውም ቅሬታ ቢኖር ሳይፈሩ ፊት ለፊት እንዲነግሩት በክብር አወጀ። እንዲህ ሲል «የለም አባባ፣ ምንም የለም» የሚል መልስ ጠብቆ ነበር።

ምራቱ ጥቂት አሰበች። ራዲዮኑን ጎህ ሳይቀድ የሚከፍተው ቢቀንሰው ጥሩ እንደሆነ በትሕትና ተናገረች። ልጁ ይህን ሲሰማ በረታ፤ መኪና ውስጥ ሲሆኑ የሱቅ ማስታወቂያዎችን ሁሉ ጮክ ብሎ ማንበቡን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ መሥሪያ ቤቱ ጣራ ማውራቱን አነሣ። ጣራው ሲነሣ ምራቱ ሳቀች፤ ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ ጨመረች። ልጁ ከፍሪጁ ላይ ያለውን መመሪያ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳነበበላቸው አስታወሰ። መጠየቁን ያስጀመረው እሱ ነውና ሊያስቆማቸው አልቻለም፤ ለእያንዳንዱ አንገቱን እየነቀነቀ፣ እንደ ጨረታ ሳጥን አፉን ከፍቶ ተቀበለ። ይሉኝታ ለካ እንዲህ ያለ ሙቅ ብርድ ልብስ ኖሯል ሲል አሰበ። በመጨረሻ ተራው እህቱ ዘንድ ደረሰ።

«እኔ አንድ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «ሰው ፊት ‹አንቺ ልጅ› አትበለኝ። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው።»

ከሁሉም የከበደው ይህ ሆነ። ተነሣ፤ እግሩ በልማድ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ውጭው ደንግዝግዝ ብሎ የሳሎኑ መብራት በርቷል፤ የጠራው መስታወት መንገዱን ትቶ ቤቱን መልሶ ያሳያል። ጋሽ ፕሮፎርማ ሁለት እርምጃ ሲቀረው በመስታወቱ ውስጥ ከጀርባው አያቸው። ልጁ ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘ፣ ምራቱ የእህቱን እጅ እንደጨበጠች፣ እህቱ አገጯን አውጥታ፣ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ግንባሩን ይጠብቃሉ። ቆመ። እጆቹን ከጀርባው አጣመረ። በቤቱ ውስጥ እሱን ፊት ለፊት የሚያዩት ሰዎች እንዳሉት ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ከመስታወቱ ራቅ ብሎም እስኪደክመው ድረስ አያቸው።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ሰውየው ደጋግሞ ሲያወጋው እንደሰማሁት ነው፤ እሱ ሲደግመው መጨመር ይወዳል፣ እኔም ሳረጅ መርሳት ጀምሬአለሁ። ከሱቆቹ ቅደም ተከተል፣ ወይም በእራቱ ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ያዛባሁት ነገር ቢኖር በዚያ ቤት የነበራችሁ ወይም ጨዋታውን የሰማችሁ ሳትሳቀቁ አርሙኝ። የምለምነው፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ እንዳትመጡብኝ ብቻ ነው።